«ከደጃችን ይነሡልን!» ... ወዴት ይሂዱ?

በዚህ ዓምድ የሚደርሱኝን ደብዳቤዎች መቼም ታውቋቸዋላችሁ። አንዷ «እጮኛዬ ደቡብ አፍሪካ ገብቶ ጠፋብኝ» ትላለች፤ ሌላው «አማቴ አላስቀምጥ አሉኝ» ይላል። በዚህ ሳምንት የደረሰኝ ግን ወጣ ያለ ነው። የትዳር ጉዳይ ነው እንዳልል ስለ ሌላ ነገር ነው የተጻፈው፤ አይደለም እንዳልል ደግሞ ትዳር አለበት።

ጸሐፊዋ የሆሳዕና ነዋሪ ናት። ስሟንና ሰፈሯን እንዳላወጣባት አደራ ብላኛለች፤ አላወጣም። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ስትሆን በግቢዋ በር ላይ ሱቅ ቢጤ አላት። ከወራት በፊት ከእሷ ቤት ሦስተኛው ግቢ ተከራየ። ባለቤቱ ውጭ ሀገር ነው፤ የሚያከራዩት ዘመዶቹ ናቸው። ተከራዮቹ ጥቂት ወጣቶች ናቸው። ማኅበር አቋቁመው ከመናኸሪያውና ከየበረንዳው ሰው ያነሣሉ። ጧሪ ያጡ ሽማግሌዎች፣ አእምሯቸውን የታመሙ፣ ሕፃን ታቅፋ ደጅ የምታድር እናት... ያጥባሉ፣ ያበላሉ፣ ያስተኛሉ።

ሰፈሩ መጀመሪያ «ተባረኩ!» አለ። ሦስት ወር ሳይሞላ «ከደጃችን ይነሡልን» የሚል ማመልከቻ ተጽፎ ፊርማ ይሰበሰብ ጀመር። ወረቀቱ በር ለበር ዞሮ እሷ ዘንድ ሲደርስ ከአርባ በላይ ፊርማ ነበረበት። አንዱ የባሏ ነው። ወረቀቱን ይዘው የሚዞሩት ደግሞ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? የባሏ አጎት፣ የዕድሩ ሊቀ መንበር!

እህታችንን የጨነቃት ይህ ብቻ አይደለም። ወጣቶቹ ካነሷቸው መካከል አንዲት አሮጊት ታውቃቸዋለች። ገበያ ላይ ከእናቷ ጎን ተቀምጠው ቅቤ ይሸጡ ነበር። ልጅ ሳለች ፀጉሯን ቅቤ ቀብተው «ሂጂ አሁን ሙሽራ ሆነሻል» ይሏት ነበር። ዛሬ እሳቸው አያውቋትም። ጠዋት ጠዋት ከሱቋ ያደረ ዳቦ ይዛላቸው ትሄዳለች፤ ባሏ ይህን አያውቅም። እና ትጠይቀኛለች... «ልፈርም ወይስ ልተው? ብተወው ትዳሬስ?»

እኔ የሀቢቾ ሰው ነኝ። ለኛ ሆሳዕና ገበያችንም፣ ሆስፒታላችንም፣ የጉዳያችን ሁሉ ማለቂያም ናት። ደብዳቤውን ያዝኩና ለገበያ በወጣሁበት ቀን ወደ ሰፈሩ አቀናሁ። ሳያዩ መምከር የባልቴት ወሬ ነው የሚሆነው።

ግቢው ያው የምታውቁት ዓይነት ነው። ከውጭ በሚላክ ገንዘብ ተጀምሮ ብሩ ሲቋረጥ ፎቁ ሳይወጣ የቀረ፣ ብረቱ በጣሪያው ላይ ተሰግስጎ ሰማይ የሚያይ ቤት። ውስጥ ሃያ የማይሞሉ ሰዎች አሉ። ሁለት ልጆች የአንድ ሽማግሌ ፀጉር በምላጭ ይላጫሉ። ግማሹ የተቆረጠ በርሜል ሦስት ጉልቻ ላይ ተጥዶ ውኃ ይሞቃል። አንድ ጎልማሳ አንዲት ዛፍ እየዞረ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይቆጥራል፤ አሥር ላይ ሲደርስ እንደገና ይጀምራል። ቆጮና ጎመን ለምሳ ቀርቧል። ሥራ የሚሠሩት ልጆች ደመወዝ የላቸውም፤ ሁለቱ ተማሪዎች ናቸው።

ከግቢው ስወጣ ግን አፍንጫዬን ያዝኩ። የታጠበው ሁሉ፣ የሰው ገላ፣ ልብስ፣ ምንጣፍ፣ ፍሳሹ በበሩ ሥር ወጥቶ መንገድ ለመንገድ ቁልቁል ይወርዳል። የሦስት ቤት ደጃፍ አቋርጦ ነው ቦይ የሚያገኘው። ሕፃናት ይዘሉታል፤ የማይዘለው ይረግጠዋል። እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ይህን ያየ ሰው ተናደደ ተብሎ ጨካኝ አይባልም።

ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ቁጭ አልኩና ሰፈሩ የሚለውን አዳመጥኩ። አንዷ እናት ሌሊት ሌሊት የሚጮኽ በሽተኛ አለ፣ ልጆቼ ደንግጠው ይነሣሉ አለችኝ። አንዱ ተከራይ ወጣብኝ አለ። አንድ ጎረምሳ፣ በእነሱ ስም ገንዘብ ሰብስበው ይበላሉ አለ፤ ማስረጃ ስለው «ይታወቃል» አለኝ። «ይታወቃል» ማስረጃ ከሆነ መቼም የማይታሰር የለም! አንድ ትልቅ ሰው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩ የሃይማኖት ጉዳይ ነው፣ አብልተው ሊያስከትሏቸው ነው አሉኝ። በመጨረሻ ሁሉም የተስማሙበት መጣ። «እነዚህ ሰዎች የኛ አይደሉም። ከየትም መጥተው ነው።»

እስቲ ከዚህ ከመጨረሻው እንጀምር፤ እኔን ያንገበገበኝ እሱ ነው።

ከየት መጥተው? ያ ዛፍ የሚዞረው ጎልማሳ የዚሁ የሀዲያ ልጅ ነው። ደቡብ አፍሪካ ልግባ ብሎ ተነሥቶ ታንዛኒያ ላይ ተይዞ ታስሮ ነው ተጠርዞ የተመለሰው። አእምሮው እዚያው ቀረ። ዘመዶቹ መሬት ሸጠው ነበር የላኩት፤ ሲመለስ የሚያዩበት ዓይን አጡ። አሮጊቷ ቅቤ ሻጭም የዚሁ ገበያ ሰው ናቸው። «የኛ አይደሉም» ያሉኝ ሰዎች እኮ በሳቸው ቅቤ ያደጉ ናቸው!

የሌላ ሀገር ሰው ቢሆኑስ? እኛ ከሆሳዕናና ከዱራሜ፣ ከየገጠሩ ስንት ልጅ ነው አዲስ አበባ የላክነው? ሊስትሮውን፣ ሎተሪ አዟሪውን፣ ተሸካሚውን እዚያ ሄዳችሁ «ከየት ነህ?» በሉት። 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በረንዳ የሚያድረው ልጅ የማን ነው? የአዲስ አበባ ሰው በበኩሉ «ከክፍለ ሀገር መጥተው ሰፈራችንን አበላሹት» ይላል። እነሱ «የኛ አይደሉም»፣ እኛም «የኛ አይደሉም»... ታዲያ እነዚህ ሰዎች የማን ናቸው?

ልብ በሉልኝ፣ ሕዝባችን ለጋስ አይደለም እያልኩ አይደለም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን በጭነት መኪና ኮንቴነር ታፍነው ሞተው ተገኙ። ያን ጊዜም ሆነ ከዚያ ወዲህ በሰማናቸው መርዶዎች ሁሉ የኛ ሰው ያላለቀሰበት፣ ኪሱን ያልዳበሰበት ጊዜ የለም። ከደቡብ አፍሪካ ሬሳ ሊመጣ ነው ሲባል እዚያ ያሉት ልጆች አዋጥተው ይልካሉ፤ እዚህ ያለው ድንኳን ተክሎ ይጠብቃል። ዕድሩ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ወንበር ይደረድራል። እንደኛ አስከሬን የሚያከብር ሕዝብ ይኖር ይሆን? ያው ልጅ ግን በሕይወት፣ በባዶ እግሩ፣ አእምሮውን ስቶ ሲመጣ ድንኳን የለውም። ወረቀት ይዞሩበታል። ቢሞትላቸው ኖሮ ያ ሊቀ መንበር ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ይቀመጡ ነበር።

ዕድር ለሞተ ሰው ብቻ ነው የሚል ሕግ ደግሞ የለም። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ኤድስ ቤቱን ሁሉ ሲያራቁት በአዲስ አበባ ብዙ ዕድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን መጠየቅ፣ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን መርዳት ጀምረው ነበር። ሲያስቡት የሒሳብ ጉዳይም ነበር፤ የአባሉ ቀብር በየሳምንቱ ሲሆን ካዝናው ባዶ ቀረ። በሕይወት ሳለ መርዳት ይረክሳል! የኛ ሊቀ መንበርም ይህን ቢያስቡበት አይጎዱም።

ወደ ሃይማኖቱ ነገር ልምጣ። አካባቢያችን ይህ ጥርጣሬ ቢኖረው አይገርምም። የኤስ አይ ኤም ሚሲዮናውያን ሆሳዕና የገቡት በ1920 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤትም ክሊኒክም ስብከትም አብረው ሲመጡ ያየ ሕዝብ ነው። ዛሬም «ፕሮጀክት» ስንል ብዙዎቻችን የቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው የሚታየን። በምግብ ሰሐን ላይ ሃይማኖት ደርቦ የሚያቀርብ ካለ እኔም አልወድለትም፤ የተራበ ሰው «አሜን» የሚለው ለስብከቱ ይሁን ለቆጮው አይታወቅምና። ነገር ግን እዚህ ግቢ ውስጥ ያየሁት ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም በየራሱ ሲጸልይ ነው። ጥርጣሬ ያለው ሰው ገብቶ ይይ። በሩ ክፍት ነበር፤ ሻይ ቤት ከተቀመጡት አንዳቸውም ግን ያን በር አልፈው አያውቁም።

ደግሞስ በራሳችን ከተማ ያለውን ለምን እንረሳለን? የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መስማት ለተሳናቸው ልጆች በ1970ዎቹ የከፈተችውን ትምህርት ቤት ማለቴ ነው። ያን ጊዜ መስማት የተሳነው ልጅ ያለው ቤተሰብ እንግዳ ሲመጣ ልጁን ጓዳ ይከት ነበር፤ እንደ እርግማን ይቆጠር ነበራ! ዛሬ ሆሳዕና ውስጥ ሁለት ሰዎች በእጃቸው ሲነጋገሩ ቆሞ የሚያፈጥ አለ? የለም። ለምደነዋል። የለመድነው ግን ትምህርት ቤቱ እዚሁ መካከላችን ስለቆመ ነው።

የአዲስ አበባውን ዘነበወርቅንም አስቡ። ከጣሊያን ወረራ በፊት የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማረፊያ ሲሠራ ቦታው ከከተማ ውጭ የተመረጠው ሰው እንዳያያቸው ነው። በ1958 ዓ.ም. አለርት ተብሎ የማሠልጠኛና የምርምር ማዕከል ሆነ። ሕሙማኑ በዙሪያው ጎጆ ቀለሱ፣ ለመኑ፣ ጥልፍ ጠለፉ። «አይነካካም» የተባለው በሽታ ሲጠና ከመቶ ሰው ዘጠና አምስቱን ያህል ተፈጥሮ ራሷ የምትከላከልለት፣ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ወዲያው ወደ ሌላ መተላለፉን የሚያቆም ሆኖ ተገኘ። አሁን ከተማው ቦታውን ውጦታል። ትናንት አፍንጫውን ሸፍኖ ያልፍ የነበረው ሰው ልጅ ዛሬ ለቆዳ ሕክምና፣ ለመኪና አደጋ እዚያው ወረፋ ይይዛል።

በጎ አድራጊን መጠራጠርና ማማት ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። እመት አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም በዓል ወሎ ሄደው ረሃብ የጣለውን ሕዝብ አይተው ሁለት ሕፃናት ይዘው ሲመለሱ ዘመድ «አበደች» ነበር ያላቸው። ልጆቹ ሲበዙ ትዳራቸው ፈረሰ። ቤታቸውን ጥለው ወጡና እየነገዱ ያሳድጓቸው ጀመር። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ «እናታችን» ብሎ ያላለቀሰ አልነበረም። ወይም መቄዶንያን ውሰዱ። ቢኒያም በለጠ ከመንገድ ላይ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ማንሣት ሲጀምር በወላጆቹ ቤት ነው የጀመረው። በ2017 ዓ.ም. ለሕንፃው ማስጨረሻ በዩቲዩብ ቀጥታ ሥርጭት ሲለመን ሕዝቡ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ሰጠ። ከሆሳዕናም በስልክ የላከ ብዙ ሰው አውቃለሁ። ከዚያው ሻይ ቤት ውስጥ አንዱ «እኔም ልኬያለሁ» ብሎ ደረሰኙን አሳይቶኛል። ፊርማውስ? ወረቀቱ ላይ ነው! ሩቅ ላለው ሲሆን ብር፣ ጎረቤት ሲሆን ፊርማ... ጉድ እኮ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ወጣቶቹ ልዙር፤ እነሱንም ዝም ብዬ አልተዋቸውም።

እናንተ ልጆች፣ ልባችሁ ጥሩ ነው፤ አገባባችሁ ግን ልክ አልነበረም። ሰፈር ስትገቡ ለማን ነገራችሁ? በኛ ባህል ሙሽራ እንኳ ጎረቤት ሳይጠራ አትገባም። የሠፈሩን ሽማግሌዎች ቡና ጠርታችሁ «እንዲህ ልንሠራ ነው፣ ምን ትሉናላችሁ?» ብትሉ ምን ነበረበት? ከአከራይ ጋር ተዋዋላችሁና በሌሊት በባጃጅ ሰው ታመጡ ጀመር። ጎረቤት ጠዋት ሲነሣ የማያውቀው ሰው ደጁ ላይ ይጮኻል። ማን ነው የማይደነግጥ?

ከዚህ ላይ ከምባታ ውስጥ የሆነውን ላስታውሳችሁ። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በ1990 ዓ.ም. ገደማ ከአሜሪካ ተመልሰው ስለ ኤድስና ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ሊያስተምሩ ወደ ትውልድ መንደራቸው ገቡ። ሕዝቡ የመለሰላቸው ምን ነበር? ድልድይ! ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴው ገበያ የሚሻገርበት ድልድይ የለንም፣ መጀመሪያ እሱን አሉ። እሳቸውም «እኔ የመጣሁት ለሌላ ነው» ብለው አልተቆጡም። ድልድዩ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ነው ሰው ቁጭ ብሎ ያዳመጣቸው፤ ኬ ኤም ጂ የተባለው ድርጅታቸውም የማኅበረሰብ ውይይት እያለ ሽማግሌውን፣ እናቱን፣ ቄሱን፣ ወጣቱን አንድ ጥላ ሥር እያስቀመጠ የማይነካ የተባለውን የግርዛት ነገር የነካው። ዶክተር ቦጋለች በ2012 ዓ.ም. አረፉ፤ ድልድዩን ግን የከምባታ ሰው ይናገርላቸዋል።

የእናንተ ድልድይ ያ የፍሳሽ ቦይ ነው። ሌላ ምንም ከመሥራታችሁ በፊት ጉድጓድ ቆፍራችሁ ፍሳሹን አስገቡት። አቅም ከሌላችሁ ሰፈሩን በቁፋሮ አግዙን በሉ፤ ብር የማይሰጥ ሰው አካፋ ይሰጣል።

ሁለተኛም አለ፤ ይህን ስናገር እየተቆጣሁ ነው። ሰው ሲታጠብ በስልክ እየቀረጻችሁ ቲክቶክ ላይ የምትለቁትን ተዉ። አይቼዋለሁ። «ከዚህ ወደዚህ» ትሉና ሽማግሌውን መጀመሪያ በቆሻሻው፣ ኋላ በንጹሕ ልብስ ታሳያላችሁ። ርዳታ የሚያመጣው እሱ ነው ትላላችሁ፤ ይገባኛል። ግን እኚያ አዛውንት ፈቅደዋል? አእምሮውን የታመመ ሰውስ ምን ብሎ ነው የሚፈቅድ? ነገ ቢሻለው፣ ከዘመዱ ቢታረቅ፣ ሊያገባ ቢያስብ ያ ሥዕል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ያገኘዋል። አባታችሁን እንዲህ ትቀርጹታላችሁ? የሰውየውን ፊት ሳታሳዩ ድስቱን፣ አልጋውን፣ የጎደላችሁን ሳሙና አሳዩ። የሚሰጥ ሰው ይሰጣል።

የገንዘቡን ሐሜት ደግሞ ሐሜተኛውን በመስደብ አትዘጉትም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሚባል አለ። በዚህ አዋጅ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ በፊት በነበረው በ2001ዱ አዋጅ 30 በመቶ ነበር። በአንድ ክልል ውስጥ ብቻ የሚሠራ ማኅበር በክልሉ በኩል ነው የሚመዘገበው፤ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ደግሞ ለማኅተም ብላችሁ ሐዋሳ ድረስ አትንከራተቱም። የምዝገባ ወረቀታችሁን በበሩ ላይ ለጥፉ። በየወሩ መጨረሻ የገባውንና የወጣውን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከጎኑ ለጥፉ። ስንት ኩንታል ዱቄት፣ ስንት ካርቶን ሳሙና፣ የቤት ኪራይ ስንት። ያን ጊዜ «ይታወቃል» ባዩ ጎረምሳ እውነትም ይታወቅለታል።

ሌሊት የሚጮኸውን ሕመምተኛ በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው። በጸሎትና በጠበል ብቻ አታስቀምጡት፤ ሰንሰለትማ እንዳታስቡት። ወደ ንግሥት ኢሌኒ ሆስፒታል ወስዳችሁ ሐኪም ያስመርመሩት። ጠበሉንም ጸሎቱንም አብሮ ማስኬድ ይቻላል፤ መድኃኒቱን ማቋረጥ ግን አይቻልም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እዚሁ ቅርባችን ቡታጅራ አካባቢ ለዓመታት እየተመላለሱ የአእምሮ ሕመምን ሲያጠኑ ኖረዋል፤ ገጠር ያለ ሕመምተኛ ከቤተሰቡ ሳይለይ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ታክሞ ሊሻለው እንደሚችል ያሳየ ሥራ ነው። የታከመ ሰው ደግሞ ሌሊት ይተኛል። ጎረቤትም ይተኛል።

እንግዲህ ወደ አንቺ ልመለስ እህቴ።

አትፈርሚ። ይህን በግልጽ ነው የምልሽ። ነገር ግን «አልፈርምም!» ብለሽ በር እንዳትዘጊባቸው። አጎትየው ሲመጡ ወንበር አውጪላቸው፣ ቡና አፍዪ። ከዚያ «ጋሼ፣ እኔ ይነሡ የሚለው ላይ አልፈርምም፤ ፍሳሹ ይስተካከል፣ ሌሊት ዘብ ይኑር፣ የምዝገባ ወረቀታቸው ይታይ የሚለው ላይ ግን ከሁሉ በፊት እኔ እፈርማለሁ» በያቸው። አየሽ፣ እዚያ ወረቀት ላይ ከፈረሙት ከአርባዎቹ ብዙዎቹ የተናደዱት በፍሳሹና በጩኸቱ ነው፤ ሌላ የሚፈርሙበት ወረቀት ስላላገኙ ነው «ይነሡልን» ላይ የፈረሙት። ሁለተኛ ወረቀት ከመጣላቸው ስማቸውን ወደዚያ የሚያዞሩ አይጠፉም።

ባልሽን በተመለከተ... ዳቦውን መደበቅሽን አልወደድኩልሽም። ዳቦ መስጠት ነውር ሆኖ አይደለም። ከሌላ ሰው የሰማ ቀን «ደግሞ ምን ደብቃኛለች?» ይላል፤ ያኔ ነገሩ ስለ አሮጊቷ መሆኑ ይቀርና ስለ አንቺ ይሆናል። ማታ ልጆቹ ሲተኙ አጫውቺው። ስለ ማኅበሩ አትከራከሪው፤ ስለ ድርጅት የተጀመረ ክርክር ቤት ውስጥ ማለቂያ የለውም። ስለ ቅቤ ሻጯ ንገሪው። እናትሽ አጠገብ እንዴት ይቀመጡ እንደነበር፣ ምን ይሉሽ እንደነበር። ከዚያ በቀን ብርሃን ይዘሽው ሂጂ። ባልሽ ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ አጎቱ ወረቀት ሲዘረጉለት «እምቢ» ማለት ያቃተው ሰው ነው የሚመስለኝ። ደግሞ ከጻፍሽልኝ እንደተረዳሁት ግቢያችሁ ውስጥ የሚከራዩ ሁለት ክፍሎች አሏችሁ። የኪራዩ ነገር አሳስቦት ከሆነ ፊት ለፊት ይንገርሽ፤ እሱም ቢሆን የሚያሳፍር ጭንቀት አይደለም፤ ልጆች የምታሳድጉበት ነው። ፍሳሹ ሲስተካከል ተከራይም ይመለሳል።

«ብተወው ትዳሬስ?» ላልሽው ደግሞ፣ ዘመድ ለጊዜው ያኮርፋል። ለመስቀል አታካና ላይ እጅ ሲገናኝ ኩርፊያው ይለቃል፤ የሀዲያ ሰው ቂሙን ይዞ ያሆዴን አያልፍም ይባላል፤ እንደኛ እንደኛ ግን የሚይዙም አሉ። ለዚያ ተዘጋጂ። ቢይዙብሽም የምታጪው አንድ ሁለት የቡና ጥሪ ነው። ከፈረምሽ ግን ነገ ጠዋት እኚያን አሮጊት ወዴት እንደሚወስዷቸው ማን ይነግርሻል? ማመልከቻውን አንብቤዋለሁ፤ ሁለት ገጽ ሙሉ «ይነሡ» ይላል እንጂ የት እንደሚሄዱ የሚል አንድ መስመር የለበትም።

ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ከእህታችን መልእክት ደረሰኝ። ወረቀቱ ገና ቀበሌ አልገባም። በሚመጣው እሑድ ከዕድሩ ስብሰባ በኋላ ወጣቶቹ ተጠርተው ሊጠየቁ ነው። ቦዩን ለመቆፈር ሁለት አካፋና አንድ ዶማ ተገኝቷል፤ ዶማው የባሏ ነው። ሊቀ መንበሩ አሁንም ወረቀታቸውን ከኪሳቸው አላወጡትም። የእሑዱን ነገር ስሰማ እነግራችኋለሁ፤ እስከዚያው ደብዳቤያችሁ አይለየኝ። ቸር ሰንብቱ።